የአቤቱታው ግንብ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁም መንገዱን አታውቁትም። የምታውቁት ካላችሁ ደግሞ አንገታችሁን ደፍታችሁ አዳምጡ፤ «እኔ አውቀዋለሁ» እያላችሁ እኔንም ራሳችሁንም አታስበሉ።

ያ አገር ድንጋይ ነው። አፈር የለውም አልልም፣ አለው፤ ግን አፈሩ በድንጋዩ መሀል ተሸጉጦ ነው የሚኖረው። ከላይ አምባ፣ ከታች ገደል፣ መሀሉ ጭንጫ። ሰዉ ቤቱን ቋጥኝ አስደግፎ ይሠራል፣ ድንበሩን በድንጋይ ይለያል፣ እህሉን በድንጋይ ይፈጫል፣ ሲጣላ የሚያነሣውም እሱኑ ነው፤ ሲሞትም ኮረት ይከመርበታል። ሌላ አገር ሰው ደስ ሲለው ክራር ያነሣል። እነሱ ድንጋይ ይመታሉ።

ምን ያስቃችኋል? ከገደሉ ወገብ ላይ የሚፈነቀል ቀጭን ጥቁር ድንጋይ ነበራቸው። በጠፍር አንጠልጥለው በእንጨት ሲመቱት ይጮኻል። አንዱ ቀጭን ድምፅ አለው፣ አንዱ ያጉረመርማል። ደወል ድንጋይ ይሉታል። ልጅ ሲወለድ እሱ ይመታል፣ ሙሽራ ሲመጣ እሱ፣ ሰው ሲሞትም እሱ። የሚመታው ባለሙያ ደዋይ ይባላል። ደዋይ ያገኘውን ድንጋይ ዝም ብሎ አይመታም፤ ጆሮውን ለጥፎ፣ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ እየቀረፈ፣ ድምፁን ያወጣለታል። እንደነሱ አባባል የድንጋይ ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቦታውን የሚያውቀውም ደዋይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሕጉን ልንገራችሁ፤ ሕጉን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁም።

በዚያ አገር በአፍ አቤት ማለት ክልክል ነው። አፍ ውሸታም መሆኑን ባለአምባው በአዋጅ አስታውቀዋል። ባለአምባው የሚባሉት ገዢው ናቸው፣ ከላይ አምባው ላይ ነው የሚኖሩት። አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ እኔው ራሴ ውሸታም እለዋለሁ። ስለዚህ የተበደለ ሰው ገደል ገብቶ ደወል ድንጋይ ይፈልጋል፤ አግኝቶ፣ ተሸክሞ፣ አምባው ግርጌ ወዳለው ጆሮ ቤት ይወስደዋል። እዚያ ሁለት ዳኞች አሉ፤ አንዱ የቀኝ ጆሮ ይባላሉ፣ ሌላው የግራ ጆሮ። የቀኝ ጆሮ ድንጋዩ መጮኹን ይሰማሉ። የግራ ጆሮ ደግሞ አለመጮኹን ይሰማሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ፍርድ የለም።

የግራ ጆሮ ከሞቱ ቆይተዋል። ምትክ አልተሾመም፤ ለምን ብትሉ፣ መሞታቸውን በድንጋይ ያመለከተ ሰው የለም። ጥምጥማቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ነገር ሲያልቅ ዘቡ ጥምጥሙን ዘንበል ያደርገዋል፣ የግራ ጆሮ ተስማምተዋል ይባላል። የቀኝ ጆሮም ቢሆኑ ሲያነጋግሯቸው «እ?» ማለት ያበዛሉ። ጉድ እኮ ነው! ሰዉ ግን ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው።

ድንጋዩ ከጮኸ አቤቱታው እውነት ነው። «ተቀባይነት አግኝቷል» ይባላል፣ እልል ይባላል። ከዚያ ድንጋዩ ተወስዶ አምባውን በሚዞረው ግንብ ላይ ይካባል። ከተካበ በኋላ አፈ ግንብ የሚባለው ሹም ረጅም ዘንጉን ይዞ ይመጣና ግንቡን በሕዝብ ፊት ይመታል። ግንቡ በደወል ድምፅ ከመለሰ ባለአምባው ሰምተዋል ማለት ነው፤ የታሰረው ያን ዕለት ይፈታል፣ የተነጠቀው ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው፣ ሲያዩት ደግሞ ያምራል።

ግንቡ መልሶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የሚጮኽ ድንጋይ ተሸክሞ አንድ ቀን እንኳ ጭጭ! ሰዉ ታዲያ ምን ይላል? «የኔ ድንጋይ ቀጭን ነበረች።» «የኔን ታች ካቡት፣ ላይ ቢሆን ይሰማ ነበር።» አንዳንዱ ደግሞ «ምስኪን፣ አርጅተው ይሆናል፣ ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል» ብሎ ለባለአምባው ያዝናል። እኔ ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግንቡ ደግሞ ከፍ እያለ ሄዶ የታችኞቹን ማሳዎች የጠዋት ፀሐይ ከለከላቸው። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለማሳዎቹ ተነሡና ግንቡ ጥላ ጣለብን ብለው አቤቱታ አቀረቡ፣ በድንጋይ። ድንጋዮቻቸው ጮኹ፣ ተቀባይነት አገኙ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ ተካቡ።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ።

ትርንጎ የጫንያለው ሚስት ናት። ጫንያለው ደዋይ ነበር፣ ያውም የደዋይ ቁንጮ። የዚያን ዘመን ወጣቶች በሠርጉ ምት ተሰላችተው ነበር፤ ቀስ እያለ፣ እየተለማመጠ የሚሄደው ምት እንቅልፍ አመጣባቸው። ጫንያለው ትልቁንም ትንሹንም ድንጋይ ጎን ለጎን ሰቀለና በሁለት እጁ ይቀጠቅጠው ጀመር። አልበቃ ሲለው ገደሉን ራሱን መታው፣ ገደሉም ከማዶ መለሰለት። ልጆቹ አበዱ! ጸጉራቸውን ፈተው፣ አንገታቸውን እየወዘወዙ፣ እንጥላቸው እስኪወርድ ጮኹ። ጭፈራውንም ናዳ ብለው ሰየሙት። ሽማግሌዎቹ «ምን ዓይነት ዕብደት ነው?» እያሉ ጆሯቸውን ያዙ፣ እግራቸው ግን ከመደቡ ሥር ይመታ ነበር። ናዳ ከመንደር መንደር ዞረ። ናዳ ሳይመታ ያገባ ሰው እንዳላገባ ተቆጠረ።

አምባው ላይ ተሰማ መሰለኝ፣ አዋጅ ወረደ። «ድንጋይ ለአቤቱታ እንጂ ለጭፈራ አልተፈጠረም። ሳይበደል የሚጮኽ ድንጋይ ሸፍቷል።» ጫንያለውን ከሠርግ ቤት፣ መዶሻውን እንደያዘ ወሰዱት። ወንጀሉ ድንጋይን ያለ በደል ማስጮኽ ነው ተባለና ከግንቡ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ትርንጎ ባሏን ለማስፈታት ገደል ትገባ ጀመር። ድንጋይ አገኘች፣ ተሸከመች፣ ጮኸላት፣ ተቀባይነት አገኘ፣ ግንቡ ዝም አለ። እንደገና ገባች። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ወገቧ ጎበጠ፣ የግራ እጇ ጣቶች ተቀጥቅጠው አልታጠፍ አሏት። ደወል ድንጋዩም እያለቀ ሄደ፤ ሰዉ ሁሉ ለየራሱ እሥረኛ ይፈነቅላል፣ የገደሉ ወገብ ራቁቱን ቀረ። ከታች ያለውን ሊያወጣ የሞከረው ብዙ ሰው ተንሸራቶ ገደል በላው። በመጨረሻ መንደሩ ውስጥ አንዲት ደወል ብቻ ቀረች፤ ትልቋ የሚሏት፣ የለቅሶ ደወላቸው። ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የሞተው ሁሉ የተለቀሰለት በሷ ነው።

ትርንጎ ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ አያ ድልነሳ ሄደች። ሰዎች ነበሩ፣ ሰማን ያሉት እንዲህ ነው።

«አያ፣ ትልቋን ስጡኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ትልቋን። ሌላ የለም፣ ጨርሼዋለሁ።»

«አብደሻል አንቺ ልጅ! ነገ ስሞት በምን ልታስለቅሱኝ ነው? ጣሳ ልትመቱልኝ ነው?»

«የሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል አያ? የቸገረው በቁም ያለው ነው። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ማታ ማታ ላስታውሰው እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም።»

አያ ድልነሳ መሬት መሬት አዩ። ይኼኔ እንጉዳይ ተነሣች። እንጉዳይ የትርንጎ ጎረቤት ናት፤ አንድ ልጇ ናዳ ሲጨፍር ተይዞ እሱም እዚያው ውስጥ ነው።

«ስጧት!» አለች። «እኔም ልጅ አለኝ፣ ለኔ ስጡኝ ማለት አቅቶኝ አይደለም። ግንቡ አንድ ጊዜ ከመለሰ ግን መመለስ እንደሚችል እናውቃለን። የሷ ከተሰማ የኛም ይሰማል።»

ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ አንዱ የአንዱን አያት ሳይቀር አነሣ። በመጨረሻ አያ ድልነሳ በእጃቸው ትልቋን አወረዷትና «በሉ ውሰዷት፣ እኔም ሳልሞት እቆያለሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር።

መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ሄደ። ጎረምሶቹ እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ጆሮ ቤት ደርሰው ሰቀሏት፣ ዘቡ በእንጨት መታት። ወይ ድምፅ! ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ የጣራው አቧራ ረገፈ፣ የግራ ጆሮ ጥምጥም ማንም ሳይነካው ከወንበሩ ወደቀ። የቀኝ ጆሮ እንኳ «እ?» አላሉም።

«ተቀባይነት አግኝቷል!» ተባለ። እልልታው ቀለጠ።

በልማዱ አቤት ባይ ከግንቡ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ ድንጋዩን ዘቦች ያስገቡታል። ትልቋ ግን ከበደቻቸው። ወንድ እንዳይጠሩ፣ ሕጉ «ከዘብ በቀር ማንም ወንድ የግንቡን ውስጥ አይይ» ይላል። ሴትን አላነሣም፤ ጸሐፊው ሴት ታያለች ብሎ አላሰበም መሰለኝ። አንዱ ዘብ ላቡን እየጠረገ «አንቺ፣ ነይ ያዥ እስኪ በዚህ በኩል» አላት። ትርንጎ በደህና እጇ ጠፍሩን ይዛ ገባች።

ውስጡ ጨለማ፣ እግር ብረት፣ የታሰረ ሰው ጩኸት መስሏት ነበር። ሰፊ ግቢ ነው። ከዳር አንድ ዳስ አለ፣ ከዳሱ ፊት የድንጋይ ፍርፋሪ ተከምሯል። ከዳሱ ሥር ነጭ ኩታ የለበሰ ሰው ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ በእጁ ትንሽ መዶሻ። ዘቦቹ ትልቋን አስቀምጠው እጅ ነሡ።

«አዛዥ፣ ይቺ ደግሞ ትልቅ ናት። ጭቃው እስኪቦካ ይጨርሱልን» ብለው ጭቃ ሊያቦኩ ወደ ማዶ ሄዱ። እሷን ከምንም አልቆጠሯትም።

ሰውዬው ጫንያለው ነበር። ወፍሯል። ያን ሁሉ ዓመት ከስቶ፣ መንምኖ ታየዋለች ብላ ያለቀሰችለት ሰው ወፍሯል።

«ጫንያለው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ሆነ።

«ታስረሃል አሉን እኮ።»

«ታስሬያለሁ።»

«በምን? በኩታ?»

በእጁ የያዘውን መዶሻ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እሷም መዶሻውን አየች፣ ፍርፋሪውን አየች፣ ያኔ ገባት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ገረፉኝ» አላት። «ብዙ ገረፉኝ። ቀጥሎ አንድ ደወል ድንጋይ አመጡና ‹ድምፅ ስታወጣለት የነበርከው አንተ ነህ፣ አሁን አጥፋለት› አሉኝ። አንድ ብቻ አሉኝ። አንድ ብቻ ከሆነ ብዬ አጠፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እጄ ለመደ።»

«የኔንስ? እኔ ያመጣኋቸውን?»

«አውቃቸው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስትፈነቅይ ሁልጊዜ የግራ ጠርዙን ትሰብሪዋለሽ። ሲያመጡልኝ ትርንጎ ደህና ናት እል ነበር።»

እኔ ይሄን፣ ከማን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ በሰማሁ ጊዜ በመዶሻው ግንባሩን ባለችው ብያለሁ፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን እንደዚያ አላደረገችም። አሥር ጣቷን፣ የሚታጠፈውንም የማይታጠፈውንም፣ ኩታው ላይ አሳረፈች።

«እሺ፣ ያለፈው ይለፍ። ይቺን ተዋት። በጌታ ይዤሃለሁ፣ ይቺን ብቻ እንዳለች ስጣቸው። አፈ ግንብ ውጭ ቆሟል፣ ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ግንቡ ከመለሰ ሕጉ ነው፣ ዛሬውኑ ትወጣለህ። ቤታችን እንግባ።»

ጫንያለው ተነሣና እጁን ትልቋ ላይ አደረገ። ዳሰሳት፣ አወቃት። አባቱ ሲሞት እሱ ራሱ ነው የመታት።

«ትልቋን ሰጡሽ?» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «እነሱ ሰዎች ትልቋን ሰጡሽ?»

«ለአንተ ብለው ነው። ለልጆቻቸውም።»

«አየሽ ትርንጎ፣ ይቺ ዛሬ ከጮኸች፣ የበፊቶቹ ለምን ዝም አሉ ይባላል። ውስጥ የነበረው ደዋይ ማነው ይባላል። ባለአምባው አይነኩኝም። የምትገድለኝ እንጉዳይ ናት። አያ ድልነሳ ናቸው።»

«እኔ እነግርልሃለሁ። ገርፈውት ነው እላቸዋለሁ። ይሰሙኛል።»

«ድንጋይ ሲፈልጉ ገደል የበላቸውን እናቶች ምን ትያቸዋለሽ?»

ለዚህ የሚሆን ቃል እኔም እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁላትም።

ጫንያለው በርከክ አለ። ጆሮውን ትልቋ ላይ ለጠፈ፣ በጣቱ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ መሀሏን መታ መታ አደረገ። ትርንጎ ኩታውን ያዘችው፣ ቀስ ብሎ እጇን አላቀቀ። ቦታውን አገኘና አንድ ጊዜ መታት። ጠቅ! ይኸው ነው። ድንጋይዋ አልተሰበረችም፣ አልተሰነጠቀችም፤ ከውጭ ላያት ሰው ምንም አልሆነችም።

ዘቦቹ ጭቃውን ይዘው መጡ፣ ትልቋን ወስደው ግንቡ ላይ ካቧት። ትርንጎንም በመጣችበት በር አስወጧት። ጫንያለው ዱካው ላይ ተመልሶ ተቀምጦ፣ ፊቱን አዙሮ ነበር።

ውጭ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዟል። አፈ ግንብ ጉሮሮውን ጠረገና ዘንጉን አንሥቶ ግንቡን መታው።

ዱም።

«ባለአምባው አልሰሙም» አለ አፈ ግንብ። «ሌላ ድንጋይ ይምጣ።»

ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም። አያ ድልነሳ ምርኩዛቸው ላይ አዘንብለው «እኛ ነን ያሳነስነው» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። ውስጥ ገብታ የወጣች እሷ ብቻ ናት።

«አየሽው?» አለች እንጉዳይ እጇን ጭምድድ አድርጋ ይዛ። «ባልሽን አየሽው? ልጄንስ? ምን አለ ውስጥ? ንገሪን እንጂ!»

ትርንጎ አንድ በአንድ አየቻቸው። አፏን ከፈተች። ብትናገር ባሏን በቁሙ ቀበረችው፤ ዝም ብትል ደግሞ እነዚህን ሁሉ። አያችሁ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ የመረጠውን እሷም ውጭ ሆና ልትመርጠው ሆነ።

«አላየሁም» አለች። «ጨለማ ነው። ምንም አይታይም።»

እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጥቂት ቀን አለፈ። ትርንጎ ከቤቷ አልወጣችም፣ ሰዉም ባሏ ሳይፈታላት ቀርቶ አዘነች ብሎ ተዋት። አንድ ጠዋት እንጉዳይ በሩን ገፍታ ገባች። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር መሬት ላይ አስቀምጣ ፈታችው፤ በጥላሸት የጠቆረ ድንጋይ ነው።

«ከጉልቻዬ ነቅዬ ነው» አለች። «ሳንኳኳው ትንሽ የሚጮኽ መሰለኝ፣ እኔ ደግሞ ጆሮዬን አላምነውም። አንቺ የደዋይ ሚስት ነሽ፣ ስሚልኝ እስኪ።»

«በምን ልታበስይ ነው እንግዲህ?»

«ለማን?» አለች እንጉዳይ።

ትርንጎ በጣቷ መታ አደረገችው። በጣም ቀጭን፣ እንዳለም እንደሌለም የሆነ ድምፅ ወጣ።

«ትጮኻለች?»

ትርንጎ ድንጋዩን ብዙ አየችው። እንጉዳይ የትርንጎን ፊት እያየች ትጠብቃለች።

«ትጮኻለች» አለች ትርንጎ።

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! በይ አሸክሚኝ፣ ሳይረፍድ ልሂድ።» እንጉዳይ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች። ትርንጎ ድንጋዩን አንሥታ ጀርባዋ ላይ አስተካከለችላት፣ ነጠላውን አዙራ ደረቷ ላይ አጠበቀችላት።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አለች እንጉዳይ ቀና እያለች። «ባልሽን በደህና ያውጣልሽ።»

«አሜን» አለች ትርንጎ።